በጧሪና በቀባሪ መካከል፦ በአረጋውያን መጦሪያዎች ስለሚሰጥ የማጫወት በጎ ፈቃድ አገልግሎት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)



በአገራችን ከሚሰጡ ምርቃቶች መካከል «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው የታወቀ ነው። ምርቃቱ የእርጅናን ሁለት ታላላቅ ጉዳዮች በሁለት ቃላት ጠቅልሎ ይዟል። ጧሪው በሕይወት ሳሉ የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ነው፤ ቀባሪው ደግሞ ሲሞቱ አፈር የሚያለብስ ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ሰው አልተጠቀሰም። ያልተጠቀሰውም ስላላስፈለገ አይመስለኝም፤ ሳይጠሩት የሚመጣ ስለነበረ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፤ ማታ የልጅ ልጅ ተረት ይለምናል፤ ወር ሲደርስ ማኅበሩ ይሰበሰባል፤ ዕድሩ ይጠራል፤ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ደጁ ላይ ወግ አይጠፋም። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው የአማርኛ ቃል «ጨዋታ» ነው። ቋንቋችን የልጆችን መቦረቅና የአዋቂዎችን ወግ በአንድ ቃል እንደሚጠራ ልብ በሉ። ይህን የሚያደርገው ሦስተኛው ሰው አጫዋች ይባላል።

የዛሬው ገለጻዬ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ነው። አንድ አረጋዊ ከቤቱ ወጥቶ ወደ መጦሪያ ሲገባ ተቋሙ ጧሪም ቀባሪም ይሆነዋል። አጫዋቹ ግን እንደ ቀድሞው ሳይጠሩት አይመጣም፤ ታስቦበት መዘጋጀት ይኖርበታል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚነሡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በርካታ ናቸው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የማጫወት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ዋጋው የሚለካው በዕለቱ በፈጠረው ደስታ ሳይሆን፣ አረጋዊው በገዛ ጊዜው ላይ ባገኘው ሥልጣንና በቀጠሮው መታመን ነው። ከዚህም የተነሣ አጀማመሩ እንጂ አጨራረሱ ያልታሰበበት መርሐ ግብር፣ ምንም ያህል በቅን ልብ ቢጀመር፣ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

መጦሪያው የሚሰጠውና ሊሰጥ የማይችለው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ እንደሚያደርግ ደንግጓል። በተግባር ግን በአገራችን የመጦሪያዎች ሸክም በአመዛኙ የወደቀው በእምነት ተቋማት፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በግለሰቦች ትከሻ ላይ ነው። በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ነው፤ ከጎዳና ያነሣቸውን ሰዎች በሺዎች ቁጥር ያስጠልላል። በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች የሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ጭንቀታቸው ምግብ፣ አልባሳት፣ መድኃኒትና ንጽሕና ነው። ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው።

ሆኖም የብዙ ሰዎችን የዕለት ኑሮ በጥቂት ሠራተኞች ለማሟላት ሲባል ቀኑ በሰዓት ይከፋፈላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በአንድ ጊዜ ይበላል፣ በአንድ ጊዜ ይተኛል። ሶሲዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናቱ፣ መኝታው፣ ሥራውና መዝናኛው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥርና በአንድ ሥልጣን የሚካሄድበትን ስፍራ «ሁሉን አቀፍ ተቋም» በሚል ጽንሰ ሐሳብ ገልጾታል። የጎፍማን ትኩረት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ቢሆንም፣ የአረጋውያን መኖሪያዎችንም በዚሁ ምድብ ውስጥ ጠቅሷቸዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ክፋት ባይኖር እንኳ ትንንሽ ውሳኔዎች ከሰው እጅ ይወጣሉ። ቡናዬን አሁን ልጠጣ ወይስ ቆይቼ? ከእገሊት ጋር ልቀመጥ ወይስ ከእገሌ ጋር? ዛሬ ልውጣ ወይስ ልቅር? በቤታቸው ሳሉ በቀን መቶ ጊዜ ይወስኑ የነበሩ ሰዎች፣ አሁን የሚወሰንላቸው ይሆናሉ።

አሜሪካዊው ሐኪም ቢል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ነዋሪዎቹን የሚያጠቋቸው በሕክምና መዝገብ የማይሰፍሩ ሦስት መቅሰፍቶች መኖራቸውን ተናገረ፤ ብቸኝነት፣ ምንም ማድረግ አለመቻልና መሰላቸት። ውሾችን፣ ድመቶችንና መቶ ያህል ወፎችን ወደ ቤቱ ማስገባቱ ዝናን አትርፎለታል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከእንስሳቱ ይልቅ አከፋፈሉ ይጠቅመናል። ሦስቱ አንድ ሕመም አይደሉም፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ብቸኝነትን የሚያስታግሰው አብሮነት ነው። ምንም ማድረግ አለመቻልን የሚያስታግሰው ግን ሰውየው ራሱ ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ፍጡር አንድ ነገር እንዲያደርግ ዕድል ማግኘቱ ነው። መሰላቸትንም የሚያስታግሰው ቀኑ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር መግባቱ ነው። በልማድ የምናውቀው ጉብኝት የመጀመሪያውን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሦስተኛውንም ይነካካል። ሁለተኛውን ግን አንዳንዴ ያብሰዋል፤ ምክንያቱም ጎብኚው ሰጪ፣ አረጋዊው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሰዓቱ ያልቃል።

ሁለት ጥናቶችና አንድ ማስጠንቀቂያ

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሁለት ጥናቶችን ላንሣ።

ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኮነቲከት በሚገኝ መንከባከቢያ የሁለት ፎቅ ነዋሪዎችን አነጻጸሩ። ተሳታፊዎቹ 91 ነበሩ። ለአንደኛው ፎቅ ነዋሪዎች የክፍላቸውን አደረጃጀትና የቀናቸውን አዋዋል የመወሰኑ ኃላፊነት የራሳቸው መሆኑ ተነገራቸው፤ ተክል መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡ ተሰጣቸው፤ ፊልም የሚያዩበትንም ምሽት ራሳቸው መረጡ። ለሌላኛው ፎቅ ነዋሪዎች ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉን እንደሚያደርጉላቸው ተነገራቸው፤ ተክሉም ተሰጣቸው፣ ውኃ የሚያጠጡት ግን ነርሶቹ ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ፤ ከ18 ወራት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። በዚያ ክትትል ስለ ሞት መጠን የቀረበው አኃዝ ግን በኋላ በራሳቸው በአጥኚዎቹ ታርሟል፤ ልዩነቱ መጀመሪያ እንደተገለጸው ጠንካራ አልነበረም። ተማሪዎቼ ይህን ጥናት ስትጠቅሱ እርማቱንም አብራችሁ ጥቀሱ። የሞቱን አኃዝ ትተን ሌላውን ብቻ ብንይዝ እንኳ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ፎቆች ተክል ነበራቸው፤ ልዩነቱ ውኃ ያጠጣው ማን እንደነበር ነው።

ሁለተኛው የሪቻርድ ሹልዝ ጥናት ነው፤ ይህም በ1976 ታተመ። እኛን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ጎብኚዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩና። ወደ 40 የሚጠጉ አረጋውያን በአራት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪው መቼ እንደሚመጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ራሳቸው ይወስናሉ። ሁለተኛዎቹ አይወስኑም፤ ግን የሚመጣበት ጊዜ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ሦስተኛዎቹ በተመሳሳይ መጠን ይጎበኛሉ፤ ነገር ግን ጎብኚው የሚመጣው ድንገት ነው። አራተኛዎቹ አይጎበኙም። ውጤቱ እንዲህ ነበር፤ የወሰኑትና አስቀድሞ የተነገራቸው በጤናም፣ በስሜትም፣ በእንቅስቃሴም ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። በድንገት የተጎበኙት ግን ካልተጎበኙት ብዙም አልተለዩም። እንግዲህ የጎብኚው መምጣት ብቻውን አልነበረም የሠራው፤ መጠበቁ ነበር። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው አለኝ» ብሎ ፀጉር ማበጠሩ፣ ንጹሕ ልብስ መቀየሩ፣ የሚነገር ነገር በልብ ማዘጋጀቱ ነበር።

ማስጠንቀቂያው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሹልዝና ባርባራ ሀኑሳ በ1978 ባሳተሙት ክትትል፣ ጉብኝቱ ካበቃ በኋላ የሆነውን መረመሩ። ከጉብኝቱ ይበልጥ የተጠቀሙት ሁለት ቡድኖች በጤናም በመንፈስም አሽቆለቆሉ። ያልተጎበኙትና በድንገት የተጎበኙት ግን ባሉበት ቆዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ጥናት ሕግ አይወጣም። ነገር ግን አእምሮ የሚቀበለው ውጤት ነው። አንድ ሰው የጊዜው ጌታ የመሆንን ጣዕም ዳግም ከቀመሰ በኋላ ያ ነገር ያለ ምትክ ሲወሰድበት፣ ከመቅመሱ በፊት ወደነበረበት አይመለስም፤ ከዚያም ዝቅ ይላል። የላንገርና የሮዲን ነዋሪዎች ኃላፊነቱ በእጃቸው ቀረ፤ የሹልዝ ነዋሪዎች ግን ሁሉን ነገር ያገኙት ከተማሪው ጋር ነበር፤ ተማሪው ሲሄድም አብሮ ሄደ።

የበዓል ቀንና ተራው ማክሰኞ

ወደ አገራችን ልመለስ። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ተማሪዎችን ለመስክ ልምምድ ወደ መጦሪያዎች ስልክ ቆይቻለሁ። ከእነርሱ የመስክ መዝገቦች ተደጋግሞ የሚነበበው አንድ ነገር ነው፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በኢድ ሰሞን ግቢው በሰው ይጨናነቃል። የልደት ኬክ የሚቆርስ፣ የሠርጉን ድግስ ከአረጋውያን ጋር የሚካፈል፣ የሙት ዓመት ዝክር የሚያበላ ይመጣል። ይህ ልማድ የሚያኮራ ነው፤ በብዙ አገሮች የማይታይ ነው፤ ይቁም የሚል ሰው አይገኝም። ዳሩ ግን አንድ ቀን አምስት ቡድን ይመጣና በማግሥቱ ያለው ማክሰኞ ባዶ ይሆናል። ጎብኚው በአብዛኛው ማንን እንደጎበኘ በስም አያውቅም፤ የተጎበኙትም ማን እንደመጣ አያውቁም። በሹልዝ አከፋፈል እነዚህ ሦስተኛው ቡድን ናቸው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ ፓድ በማይበቃበት ቤት ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብርድ ልብስ የሚለግስ ሰው ማግኘት፣ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ይቻላል፤ ልገሳው ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘገባልና። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ሰዓት የሚለግስ ሰው ማግኘት ግን ይበልጥ ይከብዳል። ተማሪ ደግሞ ገንዘብ ባይኖረው ሰዓት አለው፤ ያለውን ይስጥ ማለት ከሌላው መንጠቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጨዋታ የማይኖርበት ቤት የእንክብካቤውም ሥራ ይከብዳል። ምክንያት ያጣ ሰው ከአልጋው አይነሣም፤ ያልተነሣ ሰው ይዝላል፤ የዛለ ሰው ይወድቃል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል።

አንዲት ሰዓት እንዴት ትመራለች

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። ማጫወት ሙያ ነው፤ ሙያውም በዝርዝር ውስጥ ነው የሚገኘው።

ቡናን እንውሰድ። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ያለው ሥርዓት ራሱ ዝግጁ መርሐ ግብር ነው፤ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው፤ ክብ ተቀምጦ የሚጠጣ ነው፤ ለእያንዳንዱም የሥራ ድርሻ አለው። ስለዚህ ተማሪዋ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ብታቀርብ ግማሹን ጥቅም አባክናለች። የሚቆሉት እማማ ይሁኑ፤ ሌላዋ ጢሱን ያዙሩ፤ እጃቸው ያልደከመ ሰው ሙቀጫውን ይያዙ፤ ታላቁ ይመርቁ። ተማሪዋ ውኃ ታመላልስ። ነገር ግን ጥንቃቄዎች አሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነድም፤ ዕጣንም አስም ላለበት አይመችም፤ ስለዚህ በረንዳ ወይም ግቢ ይመረጣል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች እጀታ የሌለው ስኒ ያስቸግራል፤ እጀታ ባለው ኩባያ ግማሽ ድረስ ይቀዳላቸው። ፈንዲሻና ቆሎ ጥርስ ለሌለው ወይም መዋጥ ለሚያዳግተው ያንቃሉ፤ ለስላሳ ዳቦ ይሻላል። ለማን ቡና እንደማይፈቀድ፣ ለማን ስኳር እንደተከለከለ አስቀድሞ ነርሷን መጠየቅ ግድ ነው። ማን ረቡዕና ዓርብን እንደሚጾም፣ ረመዳን መቼ እንደሚገባም በቡድኑ መዝገብ ይስፈር።

ገበጣን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያውቁታል። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እንኳ ጠጠሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ይጫወታሉ፤ የጣታቸው አንጓ ለሚያማቸው ተለቅ ያለ ጠጠር መምረጥ ይበቃል። ተማሪው ደንቡን ባያውቅ የተሻለ ነው፤ አስተማሪው አረጋዊው ይሆናሉና። ጥጥ መፍተልም እንዲሁ ነው። ባዘቶና እንዝርት ሲያገኙ እጃቸው ሥራውን ሳይጠየቅ የሚያስታውስ እናቶች አሉ፤ የዕለቱን ቀን የሚረሱ ሰዎች ጭምር።

እንቆቅልሽ ደግሞ የተለየ ጸጋ አለው። መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አንድ አገር ይሰጣል። ተማሪዎቼ እንደታዘቡት፣ አረጋውያኑ የሚሰጡት አገር እንዲያው የተጠራ ስም አይደለም፤ የተወለዱበት፣ ያገቡበት፣ የነገዱበት፣ የዘመቱበት ስፍራ ነው። ሌላው ቀበል አድርጎ «እዚያ ደግሞ ምን አደረሰዎት?» ሲል ወጉ ይከፈታል። የጨዋታው ደንብ ጥያቄውን ስለሚጠይቅ ማንም መርማሪ አይመስልም።

ሁሉም ግን ክብ ሠርቶ መዘመር አይወድም። በሽመና የኖሩ አንድ አዛውንት ለሳምንታት ከመዝሙርም ከጨዋታም ርቀው ይቀመጡ ነበር። አንዲት ተማሪ የእናቷን ነጠላ ይዛ ጥለቱ እንዴት እንደተሠራ ስትጠይቃቸው፣ ነጠላውን ገልብጠው የጀርባውን ክር ማሳየት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ «ዛሬስ ምን አመጣሽ?» ይሉ ነበር። የአረጋውያንን ተሳትፎ በቡድን እንቅስቃሴ ብዛት ብቻ የሚለካ መርሐ ግብር እኒህን ሰው «የማይሳተፉ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው 18ቱ የአረጋውያን መርሖዎች ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ፣ አረጋውያን ራሳቸው እንደ ፍላጎታቸውና ችሎታቸው በጎ ፈቃደኛ ሆነው የሚያገለግሉበት ዕድል እንዲኖራቸው ነው። በመጦሪያው ውስጥ በጎ ፈቃደኛው ተማሪው ብቻ ነው ብለን መጀመር የለብንም።

ስለ አጠራር፣ ስለ ትዝታና ስለ ፎቶግራፍ

ሦስት የሥነ ምግባር ነጥቦችን ላንሣ።

የመጀመሪያው አጠራር ነው። «እማማ»ና «አባባ» ያማሩ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ሁሉን በአንድ ስም ስንጠራ ሰውየውን ከስሙ እንለየዋለን። በመጀመሪያው ቀን «በምን ልጥራዎት?» ተብሎ ይጠየቅ። አንዱ ጋሼ መባልን ይመርጣሉ፤ ሌላዋ እትዬን፤ ሌላው ሃምሳ አለቃን፤ ሌላው ሐጂን፤ ሌላዋ እማሆይን። ማዕረጉ የቀድሞ ሕይወታቸው ምስክር ነው። አንቱታውም የመርሳት ሕመም ስላለባቸው አይቀርም፤ እንደ ሕፃን አንደበትን ሰብሮ ማናገርም ክብርን ይነካል። ጆሮ ለከበዳቸው ከመጮኽ ይልቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ረጋ ብሎ መናገር ይበልጥ ይጠቅማል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች በእርጅና ወደ አፍ መፍቻቸው ሊያደሉ ስለሚችሉ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ተማሪ በቡድኑ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ትዝታ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963፣ አረጋውያን ያለፈውን ማውሳታቸው የመጃጀት ምልክት ሳይሆን ሕይወታቸውን መልሰው የሚመዝኑበት ጤናማ ሂደት እንደሆነ አስረዳ። ይህን ተከትሎ ትዝታን ማስወሳት የታወቀ ዘዴ ሆኗል። በእኛ አገር ግን የዛሬ አረጋውያን የወጣትነትና የጉልምስና ዘመን የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረሃብን፣ ቀይ ሽብርን፣ ጦርነትንና መፈናቀልን ያካተተ ነው። «ስለ ልጆችዎ ይንገሩኝ» የሚለው ቅን ጥያቄ የተቀበሩ ልጆችን ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ ስለ ሰው ከመጠየቅ በፊት ስለ ነገር መጠየቅ ይሻላል፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ በዓል አከባበር። ወዴት እንደሚሄድ መንገዱን የሚመርጡት እርሳቸው ይሁኑ፤ ወደ ሐዘኑ ከገቡም ተማሪው አይደንግጥ፤ ወሬውንም ቶሎ አያስለውጥ። ለቅሶ ላይ መቀመጥን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ እዚህም ይሠራል። የሰሙትን ወደ ውጭ ይዞ አለመውጣት ግን ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ነው። መጦሪያ መግባታቸውን ለአገር ቤት ዘመድ፣ አልፎም ለገዛ ልጆቻቸው የደበቁ ሰዎች አሉ። አንድ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ያ ምሥጢር ይወጣል። በተሰበሰበ ሰው ፊት «ፎቶ እናንሣዎት?» ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይባልም፤ ስጦታ ላመጣ እንግዳ «እንቢ» ማለት በባህላችን ይከብዳልና። ቀላሉ ደንብ በጨዋታው ሰዓት ስልክ ከቦርሳ አለመውጣቱ ነው።

«እመጣለሁ» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ሹልዝ ማስጠንቀቂያ ልመለስ። በአማርኛ ስንሰነባበት «እመጣለሁ» ማለት የትሕትና ልማድ ነው። ሁለት ባለቤቶች ሲባባሉት ማንም እንደ ውል አይቆጥረውም፤ ሁለቱም ሌላ የሚያስቡት ነገር አላቸውና። ቀኑ ባዶ ለሆነበት ሰው ግን «እመጣለሁ» ቀጠሮ ነው። በር በር ያስመለክታል፤ «ምን ሆኖ ቀረ? ምን አስቀይሜው ይሆን?» ያሰኛል። ስለዚህ አጫዋች ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያ ሙያ ይህን ቃል በልኩ መናገር ነው፤ «ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ወይም «በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ስላለብኝ አልመጣም፤ እገሌ ይመጣል» ብሎ።

የተማሪ የጊዜ ሰሌዳ የታወቀ ነው። ፈተና አለ፤ የሴሚስተር ዕረፍት አለ፤ ምርቃት አለ። እነዚህ በየዓመቱ የሚመላለሱ ስለሆኑ ድንገተኛ ሰበብ ሊሆኑ አይችሉም። ከተግባር ልምምዳችን የተረዳሁት አራት ነገሮች እንደሚጠቅሙ ነው። አንደኛ፣ አንድ ተማሪ ለብቻው አይመደብ፤ ሦስት ወይም አራት ሆነው አንድን ክበብ ይያዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሁለተኛ፣ የሚመጣበት ቀንና የሚመጣው ሰው በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም በየጠዋቱ ይነገር። ሦስተኛ፣ ተመራቂው ከመሄዱ አንድ ወር በፊት በግልጽ ይናገር፤ ተተኪውን ይዞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይምጣ፤ በመጨረሻው ቀን ስንብት ይደረግ፤ አረጋውያኑም ይመርቁት። አራተኛ፣ ቡናውን ማፍላት፣ ገበጣውን ማስጀመር፣ አዲስ የገባን ሰው ወደ ክቡ መጋበዝ ከመጀመሪያው በነዋሪዎቹ እጅ ይሁን፤ ተማሪው በማይኖርበት ሳምንት ክበቡ በራሱ እንዲቀመጥ።

ሌላም ስንብት አለ። በክቡ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነገሩን ደብቆ ማለፍ ሰዎቹን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። የሞተው ሰው ስም ይነሣ፤ የወደዱት ጨዋታ ይወሳ፤ «ነፍስ ይማር» ይባል። ክበቡ እንዲህ ሲያደርግ ትንሽ ዕድር ይሆናል። የቀሩትም የእነርሱ ወንበር ባዶ በሚሆንበት ቀን ስማቸው እንደሚነሣ ያውቃሉ።

ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ

በኔዘርላንድስ ዴቬንተር ከተማ ሁማኒታስ የሚባል የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለ ኪራይ እዚያው ይኖራሉ፤ በምትኩ በወር 30 ሰዓት «መልካም ጎረቤት» የመሆን ግዴታ አለባቸው። የእኛ መጦሪያዎች ትርፍ ክፍል ስለሌላቸው መርሐ ግብሩን እንዳለ መቅዳት አንችልም። ልንወስደው የሚገባን ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓቱ የተቆረጠና የታወቀ መሆኑ፣ ግንኙነቱም የረጂና የተረጂ ሳይሆን የጎረቤት መሆኑ።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የማጫወት አገልግሎታችን በተማሪ ክበባት መልካም ፈቃድ ብቻ እየተነሣና እየወደቀ እንዳይቀጥል፣ ፋኩልቲው ከአንድ መጦሪያ ጋር ብቻ፣ ግን ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ የጽሑፍ ስምምነት ያድርግ። ቅብብሎሹን የሚከታተል አንድ መምህር ይመደብ። በክረምቱ ወራት ተማሪዎች ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ የከተማው ነዋሪ የሆኑ ተማሪዎችና የአስተዳደር ሠራተኞች ሰሌዳውን ይያዙ። አዲስ ተማሪ ከመግባቱ በፊት የግማሽ ቀን ሥልጠና ይውሰድ፤ ማንሣት፣ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠትና ማጉረስ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሥራ መሆኑን፣ የእርሱ ሥራ ምን ላይ እንደሚያበቃ ጠንቅቆ ይወቅ፤ የመጎዳት ምልክት ካየ ለማን እንደሚያሳውቅም እንዲሁ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምንጽፈው ሪፖርትም «ስንት ሰዎችን ጎበኘን?» ከሚለው ይልቅ «ከገባነው ቀጠሮ ስንቱን አከበርን?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀድም። ሁለተኛውን ጥያቄ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ይጠየቁም።

ይህን ለመሸከም ያልተዘጋጀን ከሆነ፣ አነስ ያለ ነገር ቃል መግባት ይሻላል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ መምጣት፣ ለአንድ ሴሚስተር በየቀኑ መጥቶ ከመጥፋት ለአረጋዊው ይበልጣል። የምዝገባ ቅጹ ከአዳራሹ መውጫ ላይ ተቀምጧል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የጊዜ ሰሌዳችሁን አውጡና እስከ ሰኔ ድረስ ያሉትን ማክሰኞዎች አንድ በአንድ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።